እትዬን ያጠፋሁበት ሥዕል

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በሕንፃችን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ የሚከተሉት ሰዎች ተገኝተው ነበር፦ ከታመሙትና ከተኳረፉት በቀር የሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ፤ የነዋሪዎቹ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ፍሬን፤ የእድሳቱን ንድፍ የሠራችው አርክቴክት፤ የቢሮ ባልደረባዬ ቀስቴ፤ ከሁሉም ፊት፣ ከቤታቸው ባስመጡት የራሳቸው ወንበር ላይ አክስቴ እትዬ፤ ከሁሉም ኋላ ደግሞ፣ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ፣ ፕሮጀክተሩ ከሚፈልገው በላይ ጎንበስ ብዬ እኔ።

ፍሬን የሰብሳቢው እውነተኛ ስም አይደለም። ስብሰባ ሁሉ ሊያልቅ ሲል እጃቸውን አውጥተው “አንዴ ቆዩ” ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። ቀስቴም ቀስት የሚሥል ስለሆነ ነው። ንፋስ በዚህ ይገባል፣ ውሃ በዚህ ይወርዳል፣ ሰው በዚህ ይወጣል የሚሉት ቀስቶች የእሱ ናቸው። ለእኔ እስከ ዛሬ ቅጽል ስም ያወጣልኝ የለም። ለሰው ቅጽል ስም ለማውጣት መጀመሪያ ሰውየው መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የስብሰባው ጉዳይ አንድ ነበር። ሕንፃው አርጅቷል፤ ያለውም አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሳት ቢነሣ የላይኛው ፎቅ ሰው መውጫ የለውም። ስለዚህ በግቢው በኩል፣ ከውጭ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሊሠራ ታስቧል። ነዋሪው ሥዕሎቹን አይቶ እጁን ካወጣ ሰኞ ቆፋሪዎች ይገባሉ።

እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ደረጃው እንደተሣለው ከተሠራ የእትዬ በር ይዘጋል። የዘጋሁትም እኔ ነኝ። በግንብ አይደለም፤ በኮምፒውተር፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ፣ ያውም ምስጋና ተቀብዬበት።

ሥራዬ ቤዝ መሥራት ነው። አርክቴክቷ ስለ አንድ ሕንፃ ለሰው ስታስረዳ ብዙ ሥዕል ታሳያለች፤ አንዱ የንፋሱ፣ አንዱ የፀሐዩ፣ አንዱ የውሃው ነው። ከሁሉም ሥር ግን አንድ ዓይነት ሥዕል ይነጠፋል፤ ሕንፃው ራሱ፣ በደብዛዛ ግራጫ። ቤዝ የምንለው እሱን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ግቢውን ከከፍታ ላይ ሆነህ ፎቶ ታነሣለህ፤ በፎቶው ላይ የግድግዳውንና የመስኮቱን መስመር እየተከተልክ ትሥላለህ፤ ሕንፃ ያልሆነውን ሁሉ፣ ሰውን፣ መኪናን፣ የተሰጣ ልብስን፣ ድመትን፣ ጥላን፣ ታጠፋለህ፤ የቀረውን ታደበዝዛለህ። ጥሩ ቤዝ ማለት ማንም የማያየው ቤዝ ነው። ሰው “እንዴት ያለ ቀስት ነው!” ሲል ሰምቻለሁ፤ “እንዴት ያለ ግራጫ ነው!” ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው ልክ እንደ እኔ ነው፤ ወይም እኔ ልክ እንደ ሥራው ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ቢሮው የገባሁት በተላላኪነት ነበር፤ ፊደል እንደማልሳሳት ሲታይ ሥዕሎቹ ላይ የሚጻፈውን እንድጽፍ፣ ቀጥሎም ቤዝ እንድሠራ ተደረገ። ፊደል አለመሳሳቴ ብቸኛው ኩራቴ ነው። ሰው ፊት መናገር ባልችልም፣ ያልተናገርኩትን ሁሉ ያለ ስሕተት እጽፈዋለሁ።

አርክቴክቷን መጀመሪያ ላይ “እርስዎ” ስላት “አሮጊት አደረግኸኝ እኮ!” ብላ ተቆጣችኝ። “አንቺ” ልበላት ብዬ ብሞክር ምላሴ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እርስዎም አንቺም የሌለበት ዓረፍተ ነገር እየፈለግኩ ነው የማናግራት። “ሻይ መጥቷል።” “ወረቀት አልቋል።” እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ብዙ ስለሌለ ብዙ አንነጋገርም።

የእኛ ሕንፃ ሥራ ወደ ቢሮው ሲመጣ ጠራችኝ።

“አንተ እዚያው ግቢ አይደል የምትኖረው?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ቤዙ የአንተ ነው። ከማዶው ሕንፃ ጣራ ላይ ሆነህ ታነሣለህ። ግድግዳ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከግድግዳ በቀር አንድም ነገር እንዳይቀር።”

“ሻይ መጥቷል” አልኩና ወጣሁ።

የምኖረው ከእትዬ ጋር ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታችን ምድር ቤት፣ ከጓሮ በኩል ያለችው አንድ ክፍል ናት። ወደ ውስጠኛው ኮሪደር የሚያወጣው በር ደረጃ ወጥተው ደረጃ የሚወርዱበት ነው፤ የእትዬ ጉልበት ደግሞ ደረጃ ከተወ ቆይቷል። ስለዚህ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ግድግዳውን አስፈልፍለው ወደ ግቢው የምታወጣ አጠር ያለች በር አስከፈቱላቸው። በሕንፃው የድሮ ፕላን ላይ ያቺ በር የለችም። አርክቴክቷ ግቢውን ለማየት በመጣች ቀንም እትዬ አንሶላቸውን ሁሉ አጥበው ግድግዳውን አልብሰውት ነበር። እትዬ በዚያች በር ይወጣሉ፤ ከበሯ ፊት ለፊት ወንበራቸው አለ፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲመሽ በዚያችው ይገባሉ። በሯ ባትኖር ዓለም ለእሳቸው አንዲት ክፍል ነበረች።

ጣራው ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ በቦታቸው ተቀምጠዋል። እትዬ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ወንበራቸውም ሰፊ ነው፤ ሻርፓቸውን ዘርግተው ሲከናነቡት ከኋላቸው ያለው ነገር ሁሉ ይሸፈናል። “እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይነሡልኝ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለልምምድ በሹክሹክታ አልኩት። ጥሩ ወጣልኝ። ጮክ ብዬ ልለው ስል ግን ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ዋጥኩት። በእጄ ወደ ጎን ይሂዱ የሚል ምልክት አሳየኋቸው። እትዬም እጃቸውን አውለብልበው ሰላምታዬን መለሱ።

ወረድኩ።

“እትዬ።”

“ምነው ልጄ?”

“እ... ውሃ ላምጣልዎ?”

“አምጣ።”

ውሃውን ሰጥቼ ተመልሼ ወጣሁ። ትንፋሼ እስኪመለስ ቆሜ አሰብኩና እንደገና ወረድኩ።

“አሁን ደግሞ ምን ሆንክ? ሆድህን አመመህ?”

“አይ፣ ብርጭቆውን ልውሰድ ብዬ ነው።”

“ለአንድ ብርጭቆ ነው ጣራና መሬት የምትመላለሰው? እዚያ ላይ ምን አለ? ሴት ናት?”

“ፎቶ ነው። ለሥራ። የግቢውን።”

“ታዲያ እንዲያ አትልም!” አሉና ሻርፓቸውን አስተካከሉ፤ ጀርባቸውን አቀኑ፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። “ሂድ አንሣኝ። ስሥቅ እንዳታነሣኝ፣ ጥርሴ አያምርም።”

ከዚህ በኋላ “ይነሡልኝ” የሚል ሰው ካለ እሱ ከእኔ ሌላ ነው። ወጣሁና አነሣኋቸው። ፎቶው እንደ ፎቶ ቆንጆ ነበር። እንደ ቤዝ ግን መሐሉ ላይ አንዲት ንግሥት ተቀምጣለች።

ችግር የለም፣ በኮምፒውተር አጠፋቸዋለሁ አልኩ። ማጥፋት ማለት ከጎን ካለው ግድግዳ ቁራጭ እየወሰዱ ሰውየው ላይ መለጠፍ ነው። እትዬ ብዙ ግድግዳ ፈጁ። የድንጋዩ መስመር እንዳይዛነፍ ድንጋይ በድንጋይ አገጣጠምኩ። ከእግራቸው ጀመርኩ፤ ወንበሩን አስከተልኩ፤ ከዚያ ሻርፑን። መጨረሻ ላይ የቀረው ፊታቸው ነበር፤ እሱ ላይ ስለጥፍ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተጫንኩት።

ቀስቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

“እትዬ የታሉ?”

“አጠፋኋቸው።”

“አንተ ጨካኝ! ያሳደጉህን ሴት?”

“ለሥራ ነው።”

“ነፍሰ ገዳይ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።” ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። “እጅህ ግን አይካድም። ጭራሽ የነበሩ አይመስልም።”

ደስ አለኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ግድግዳ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። በር እንደሌለው አላየሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስገባበትና ስወጣበት የኖርኩትን በር ከሴትየዋ ጋር አብሬ ቀብሬው፣ ድንጋዩ መግጠሙን እያደነቅኩ ነበር።

በአንጻሩ ግን በግቢው ሌላኛው ጥግ ያለውን የፍሬንን የጎማ ክምር አላጠፋሁትም። ፍሬን ጡረታ ሲወጡ ያመጧቸው የአውቶቡስ ጎማዎች ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። እኔ ነፍስ ሳውቅ እዚያ ነበሩ፤ ሣር ስለሸፈናቸው ለማያውቃቸው ሰው ከሩቅ ጎማ አይመስሉም፤ ሕንፃው ሲሠራ አብረው የተሠሩ ይመስለኛል። ስለዚህ ክባቸውን እየተከተልኩ አሳምሬ ሣልኳቸው፤ እንደ ግድግዳውም ግራጫ ቀባኋቸው።

አርክቴክቷ ቤዙን ስታይ እጇን አጨበጨበች።

“እንዴት ያለ ግድግዳ ነው! በዚያ ጥግ የውሃ ታንከር ስላለ ደረጃውን የት ላድርገው ብዬ ጨንቆኝ ነበር። ይሄን የሚያህል ባዶ ግድግዳ እያለ! በል፣ ደረጃዬን አገኘሁ።” ወደ እኔ ዞረች። “ጎሽ! እዚህ ቢሮ ዓይን ያለህ አንተ ነህ።”

እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ታንከር የለም፣ ጎማ ነው ማለት ሲገባኝ “ሻይ መጥቷል” አልኩ። አልመጣም ነበር።

ያደረስኩትን ጥፋት ያወቅኩት ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ገብቼ እራት ሳይቀርብ ነው። እትዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። በነገው ስብሰባ ምክንያት ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ላለፈ ላገደመው ሁሉ “ሥዕሉን የሠራው የኔ ልጅ ነው” ሲሉ ነው የሰነበቱት።

“እስቲ አሳየኝ፤ ነገ ከሰው እኩል ነው እንዴ የማየው?”

ስልኬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አጡት። ስልኩን አራቁት፤ አቀረቡት፤ አጋደሙት።

“አመድ ብቻ ነው የሚታየኝ። የኔ በር የቱ ጋ ነው?”

“እዚህ ጋ” ብዬ ጣቴን ሰነዘርኩ። ጣቴ የሄደው በልማድ ነው፤ ያረፈው ግን ደረጃው ላይ ነው። ወደ ግራ አልኩት፤ ግድግዳ። ወደ ቀኝ አልኩት፤ ግድግዳ። ያ የኮራሁበት፣ ድንጋይ በድንጋይ የገጣጠምኩት ግድግዳ።

“እዚህ... አካባቢ” አልኩ።

“ጎሽ። ነገ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። የኔ ልጅ ለሠራው እኔ ካላወጣሁ ማን ሊያወጣ ነው?”

እትዬ ስለ እኔ ለሰው ሲያወሩ “ዝም አይነቅዝም” ይላሉ። እንደ ሙያ ቆጥረውልኝ ነው። የዚያን ዕለት ግን የእኔ ዝምታ ነቅዞ ነበር። አሁን ንገራቸው፣ አሁን፣ እያልኩ እራት በላሁ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቼ፣ በዚያችው በር ማለቴ ነው፣ አርክቴክቷ ጋ ደወልኩ። የምለውን አጥንቼ ነበር። እርስዎም አንቺም የለበትም፦ “ቤዙ ላይ ስሕተት አለ፤ በር ጠፍቷል።”

“ሃሎ?”

“ሃሎ። እ... ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው?”

“በሦስት። ማስታወቂያውን የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?”

“ነኝ።”

“ታዲያ?”

“ደህና ይታደር” አልኩና ዘጋሁት።

ቅዳሜ በማለዳ ፕሮጀክተር ላመጣ ቢሮ ስገባ ማንም አልነበረም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። የእኛ ሥዕሎች ሁሉ አንድ ቤዝ ላይ ነው የተነጠፉት፤ ቤዙን ስትቀይር ሁሉም በአንዴ ይቀየራሉ። በሩን በወጉ ለመሣል ጊዜ አልነበረኝም። እትዬን ከማጥፋቴ በፊት ያስቀመጥኩት ቤዝ ግን ነበር፤ እትዬ የተቀመጡበት፣ ጎላ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ከትከሻቸው በላይ ደግሞ፣ አጥብቆ ላየ፣ የበሯ ጉበንና የላይኛው ማጠፊያ ብቅ ብለዋል። እሱን አስገባሁት።

ዕቅዴ እንዲህ ነበር። አርክቴክቷ ሁልጊዜ ቀድማ ትመጣለች፤ ሥዕሎቹን አንድ ጊዜ ታያለች፤ “ምንድን ነው ይሄ?” ትላለች፤ እኔም ለብቻችን “በር” እላለሁ። አንድ ቃል። አንድ ቃል የማያወጣ ሰው የለም።

አርክቴክቷ ቀድማ መጣች። ነገር ግን ፍሬን የግቢው መግቢያ ላይ ይዘዋት ስለ ቦይ ሽታ ያስረዷት ጀመር። ፍሬን አንድ ነገር ሲያስረዱ ሰሚው ቢሰለችም አያቆሙም። አዳራሹ ሲሞላ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ እሷና ቀስቴ እኩል ገቡ። “ጀምር” አለችኝ ከሩቅ በእጇ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ ግን የምንኖረው ምድር ቤት ስለሆነ የሚቀረን ምድር ያን ያህልም አልነበረም። ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የንፋስ ሥዕል ነበር። የቀስቴ ሰማያዊ ቀስቶች በግቢው በር ገብተው፣ ዞረው፣ በእትዬ ጆሮ ሥር ያልፋሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ።

“እንዴ! እትዬ አይደሉም እንዴ?”

“ናቸው! እትዬ፣ ብርድ እንዳይመታዎ!”

“ሻርፓቸውን ይዘዋል፣ አትስጉ።”

እትዬ ዞረው ሕዝቡን በኩራት ተመለከቱ። አርክቴክቷ ወደ ቀስቴ አየች፤ ቀስቴ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ፕሮጀክተሩ አየሁ።

“ቀጥል” አለች በጥርሷ።

ሁለተኛው የውሃ ነበር። የዝናቡ ውሃ ከጣራ ወርዶ በእትዬ ወንበር እግሮች መሐል እየሾለከ ወደ ቦዩ ይሄዳል። “እግርዎን ያንሡ እትዬ!” ሦስተኛው የፀሐይ ነበር፤ ቢጫው ክብ ልክ ከራሳቸው በላይ ስለሆነ አክሊል የደፉ መሰሉ። እዚያ ላይ ጭብጨባም ነበር። አራተኛው የእሳት አደጋ ነበር። ከየፎቁ ቀይ ቀስት እየወረደ፣ እየወረደ፣ ሁሉም እትዬ ጭን ላይ ይገናኛል።

ፍሬን ተነሡ።

“አንዴ ቆዩ! እሳት ሲነሣ መቶ ሰው ወደ እትዬ ጭን ነው የሚሮጠው?”

“ድሮስ ወዴት ልንሮጥ?” አለች የሦስተኛው ፎቅ ሴት፤ ሣቁ ጣራ ነካ።

አምስተኛውን ጫንኩት። ደረጃው ራሱ ነበር። አርክቴክቷ ሌላው ነገር እንዳይሸፈን ብላ እንደ መስተዋት አሳልፎ የሚያሳይ አድርጋ ነው የሣለችው፤ ስለዚህ እትዬ ከደረጃው ሥር እንዳሉ ይታያሉ። የመጀመሪያው እርከን እግራቸው ላይ፣ ሌላው ሆዳቸው ላይ፣ ሌላው ደረታቸው ላይ። ሣቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

እትዬ መነጽራቸውን አወጡ። ማታ ያጡት መነጽር ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። አጠለቁት።

“ይሄ ላዬ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“ደረጃው ነው፣ እትዬ” አለ ቀስቴ ቀስ ብሎ።

“እኔ የት ልሄድ ነው?”

“እርስዎማ እዚያ የሉም። ማለቴ፣ መኖር አልነበረብዎትም። ማለቴ...” ቀስቴ ወደ አርክቴክቷ ዞረ።

“ከኋላዬ ያለችውስ? ይቺ የማን በር ናት?”

“በር?” አለች አርክቴክቷ። ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ጥላዋ ሥዕሉ ላይ አርፎ እትዬን አጠፋቸውና ፈቀቅ አለች። “የምን በር? እዚህ ጋ በር የለም። ባዶ ግድግዳ ነው።”

“አለ” አልኩ።

“ድምፅህን ከፍ አድርግ!” አሉ ፍሬን።

“አለ። በር አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

አዳራሹ ሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ያን ሁሉ ዓይን በአንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ይጮሃል።

“እንዴት አድርገህ?” አለች አርክቴክቷ።

“እትዬ ከፊቱ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውን ሳጠፋ እሱም አብሮ ጠፋ።”

“ታዲያ ስታነሣ ለምን ተነሡ አላልካቸውም?”

“አፈርኩ።”

“ምን?”

“አፈርኩ!” ከአፌ የወጣው ድምፅ እኔንም አስደነገጠኝ።

ሣቁ እንደገና ፈነዳ፤ የአሁኑ በእኔ ላይ ነበር። ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ያልሣቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ሰፊው ወንበራቸው ላይ ዞረው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

“ስንት ዓመት በዚህ በር ገብተህ ወጥተሃል?”

“ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እትዬ።”

“ታዲያ አንድ ቀን እንኳ በሩን አላየኸውም?”

“እንዴት ይታየኝ? ሁልጊዜ ከፊቱ እርስዎ ነዎት!”

የሦስተኛው ፎቅ ሴት ዓይኗን እየጠረገች ጎረቤቷ ላይ ወደቀች። እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሊሥቁ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ሰው ፊት ጥርሳቸውን ማሳየት ስለማይወዱ ነው።

“ተነሡ ብትለኝም አልነሣም ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ነገር ግን ማለት ነበረብህ።”

አርክቴክቷ ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ታባርረኛለች ብዬ ኮቴን ፈለግኩ። እሷ ግን ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ “ኑ፣ ግቢውን እንየው” አለች፤ አዳራሹ በሙሉ ተከትሏት ወጣ። የበሯን ስፋት ለካች፤ ከፍታዋን ለካች፤ ከፈተችና ዘጋቻት። ከዚያ ግድግዳውን ትታ ወደ ማዶው ጥግ አየች።

“ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ግድግዳውን ሳልነካው ነው የሣልኩት” አለች። “ግን ሌላ ቦታ የለም። ያ ታንከር ባይኖር ኖሮ...”

ከሰው መሐል ነበርኩ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እትዬ ግን ክንዴን ይዘው ነበር የቆሙት፤ ክብደታቸው ሁሉ እኔ ላይ ነው።

“ታንከር አይደለም” አልኩ። “ጎማ ነው።”

“ጎማ?”

“የአውቶቡስ ጎማ። የጋሼ ፍሬን።” ፊታቸው ፍሬን ብያቸው አላውቅም ነበር። አመለጠኝ።

አርክቴክቷ ተራምዳ ሄደችና ክምሩን በእግሯ ገፋችው። ተወዛወዘ። ሣሩ ውስጥ ተኝታ የነበረች ድመት ዘላ ወጣች።

“ለምን እንደ ታንከር ሣልከው?”

“ሕንፃው መስሎኝ።”

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። ፍሬን እጃቸውን አነሡ።

“አንዴ ቆዩ! እነዚያ ጎማዎች እኮ...”

“ፍሬን ልቀቅ!” አሉ እትዬ ከወንበራቸው ሳይሆን ቆመው። ጎማው ይነሣ የሚል ሁለት እጅ ሲወጣ አየሁ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ ሁሉም። ፍሬን ያነሡትን እጅ ለማውረድ ስላፈሩ የእሳቸውም ተቆጠረ። እኔ የማፍር ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

ሰው ሲበተን አርክቴክቷ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

“ሰኞ ቤዙን እንደገና ትሠራለህ። ጎማ ይጥፋ፣ በር ይኑር።”

“እሺ።”

“እትዬንም በግልጽ ተነሡ ትላቸዋለህ። ጮክ ብለህ።”

“እሺ” አልኩ። ሻይ መጥቷል ልል ነበር፤ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ጣራው ላይ ወጥቼ “እትዬ፣ ይነሡልኝ!” ብዬ ጮህኩ፤ የሦስተኛው ፎቅ ሴት መስኮቷን ከፍታ ሰማችኝ። እትዬ አልተነሡም። ወርጄ በሩን በሜትር ለካሁና በእጄ ሣልኩት። ጎማዎቹ በዚያው ሳምንት ተጫኑ፤ ደረጃው በእነሱ ቦታ ተሠራ።